የጉንዳኒት ትንፋሽ

«እትዬ፣ ይቺ ሹራብ ገና ናት እንዴ? ባለፈው ስመጣ እጅጌው ላይ ነበሩ፤ ዛሬም እጅጌው ላይ ነዎት። ወይስ ሌላኛው እጅጌ ነው? እጅጌ ሁለት መሆኑን ረስቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀለሙ ግን ያምራል። ለልጅ ልጅዎ ነው አይደል? ልጅ ደማቅ ነገር ይወዳል። እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እግሬን ልዘርጋበት። ከጠዋት ጀምሮ ከሃምሳ ሕፃን ጋር ተጋፍቼ ፊልም ሳይ ጉልበቴ የኔ አልመስል አለኝ።»

ትኬት ሻጯ እትዬ ሹራባቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉላት። ወንበሩ ከሲኒማ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቱ ቢሮ ፊት ለፊት ያለ ረጅም አግዳሚ ነው። በአንዱ ጫፍ እትዬ ተቀምጠዋል፣ መሀል ላይ ይቺ ተናጋሪ፣ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው መምህርት። በሌላው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ የጠዋት ዜና የምታነበው የሬዲዮዋ ሴት አለች። ሁለቱ ባዳ አይደሉም፤ መምህርቷ የሬዲዮዋ ሴት የባሏ እህት ናት። ዛሬ ግን ፊቷን ለእትዬ፣ ጀርባዋን ለወንድሟ ሚስት ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። ሰላምታም ያቀረበችው ለወንበሩ በጅምላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉንዳኒት የምትባል የካርቱን ጀግና አለች፤ ቁመቷ ከጉንዳን አይበልጥ፣ የምታነሳው አውቶብስ። የመጀመሪያው ፊልም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ጉንዳኒትን ሆና የተናገረችው መምህርቷ ነበረች፤ ልጆች አበዱላት። ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት «አሁን የታወቀ ድምፅ ያስፈልገናል» አሉና ሥራውን ለሬዲዮዋ ሴት ሰጧት። ዛሬ ጠዋት ፊልሙ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ለልጆችና ለወላጆቻቸው ለሙከራ ታየ። ሲወጡ እያንዳንዱ ልጅ የሚስቅ፣ ዝም ያለና የሚያለቅስ ፊት የተሳለበት ካርድ ተሰጥቶት፣ በወደደው ላይ ምልክት አድርጎ ሳጥን ውስጥ ከቷል። አሁን ባለቤቱና መላጣው የድምፅ ባለሙያ በሩን ዘግተው ካርዶቹን እያዩ ናቸው። ሦስተኛው ክፍል ደርሷልና ሁለቱንም ሴቶች አስጠርተው አንድ ቃል ብቻ ነግረዋቸዋል፤ «መጀመሪያ የማስገባት እሷ ጉንዳኒት ናት።»

የሬዲዮዋ ሴት ስም አልቸገራትም። ስሟን የታክሲ ሾፌር ያውቀዋል፣ የባንክ ዘበኛ ያውቀዋል። የቸገራት ሌላ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ልጅቷ ስትነቃ እናት ለዜና ሄዳለች። ቁርሷን የምትበላው የእናቷን ድምፅ በሬዲዮ እየሰማች ነው፣ እሱንም ሞግዚቷ ቀነስ እያደረገችባት። የምትወደው ጉንዳኒትን ነው፤ ትራሷ ጉንዳኒት፣ ቦርሳዋ ጉንዳኒት። እናት አንድ ነገር ተመኘች፤ ልጄ ለጓደኞቿ «እማዬ እኮ ጉንዳኒት ናት» ትበል። ለዚያ ስትል ነው የባሏን እህት ቦታ የወሰደችው፣ ለዚያ ስትል ነው ዛሬ በሩን በሩን የምታየው።

«ፊልሙን አላዩትም አይደል እትዬ? ትኬት የሚሸጥ ሰው መቼ ፊልም አይቶ ያውቃል። አመለጠዎ። ድምፁን... ምን ብዬ ልንገርዎ። ጥርት ያለ። ታጥቦ እንደ ደረቀ ብርጭቆ። አንዲት ፊደል አትወድቅ፣ አንዷ ከሌላዋ አትነካካ። ሕንፃው ተቃጥሎ፣ ጣሪያው ሊወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲተራመስ፣ ጉንዳኒት ብቅ ትልና "ወገኖቼ፣ አትፍሩ፣ ደርሼላችኋለሁ" ስትል... እርስዎን ይንሳኝ፣ ማንም አልፈራም። ከዚያ በፊትም የፈራ አልነበረም መሰለኝ። እሳቱ ራሱ ረጋ አለ። ከኋላዬ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ "ዝም በሉ፣ ቀጥሎ የአየር ሁኔታ ነው" አሉ። ምን ማለታቸው ይሆን? አድናቆት ነው መቼም። በዚያ ዕድሜ ሰው በነገር አይናገርም።

«አጠገባቸው ያለው አባት ደግሞ፣ የደከመው ሰው ነው መሰለኝ፣ ጉንዳኒት ለከተማው ሕዝብ ንግግር ስታደርግ አንገቱ እየወደቀ እየወደቀ ሄዶ ልጁ ትከሻ ላይ አረፈ። ሲያዩት ያሳሳል። ስንቱ እንቅልፍ አጥቶ መድኃኒት ይገዛል፤ እሱ በነፃ አገኘ። ይሄ ሁሉ በረከት አይደለም? ከኔው ክፍል የመጣች አንዲት ሕፃን ደግሞ፣ ጉንዳኒት መናገር ስትጀምር እጇን አወጣች። እንዲያው ቀጥ አድርጋ። "ምን ሆንሽ?" ብላት "ሽንቴ መጣ፣ ላስፈቅዳት ነው" አለችኝ። አዩ ክብር? አንዳንዱ ድምፅ እኮ ገና ሲሰማ ያስከብራል። ለአገር የተፈጠረ ድምፅ ነው። ለአገር የተፈጠረ ድምፅ ለሕፃን ሲያንስ... ሲበዛ ማለቴ ነው። ሲበዛ ነው የሚከብዳቸው። አፌ ዛሬ ምን ነካው?»

የሬዲዮዋ ሴት አውራ ጣቷን ስልኳ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ታመላልሳለች። የምታነበው ነገር የለም። ጆሮዋ ግን ጋለ። አሽሙር እንዲህ ነው፤ ስም አልጠራም፣ ጣት አልቀሰረም፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። አንድ ቃል ብትመልስ «ውይ፣ አንቺን ማን አነሳሽ?» ትባላለች፣ ያን ጊዜ ቀሚሱን በገዛ እጇ ልኬ ነው ብላ ለበሰችው ማለት ነው። ዝም ካለችም ይኸው እየተሰፋላት ነው። ስለዚህ ስልኩን ታመላልሳለች።

«ከፊቴ ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች ተደርድረው ነበር። ትንሹ፣ አፍንጫው ያልተጠረገው፣ እናቱን "ጉንዳኒትን አሟታል እንዴ?" አላት። "ምነው?" ስትለው "እንደ ሐኪም ቤቷ ሴትዮ ነው የምታወራው፣ ቁጥር ሰባት ግቡ እንደምትለዋ" አለ። የልጅ ነገር ጥሬ ብስል ነው እትዬ፣ አይፍረዱበት። ትንሽ ቆይቶ ጉንዳኒት ከድልድይ የወረደውን ባቡር ልታነሳ ጎንበስ አለች። እጇን ከሥሩ ሰደደች። "እንንንን... ሃፕ"። ምን ልበልዎ። አዳራሹ ተነቀለ። ሃምሳ ሕፃን ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ሃፕ" አለ። ፈንድሻው ጣሪያ ነካ። ያ አፍንጫም ወደ እናቱ ዞሮ በሙሉ ልቡ ምን አላት መሰለዎ? "ተሻላት።"

«ከዚያ ደግሞ ጉንዳኒት ትናገራለች፤ ልጆቹ ቁጭ፣ ፈንድሻቸውን ይፈልጋሉ። ከመሰላል ትወድቅና "ኡፍ" ትላለች፤ ብድግ። ትናገራለች፤ ቁጭ። አቧራ አፍንጫዋ ገብቶ ታነጥሳለች፤ ብድግ፣ ሃምሳ ልጅ አብሮ "ይማርሽ"። ሆዷን ይዛ ክክክ ብላ ስትስቅማ ግማሹ መሬት ላይ ተንከባለለ። ትናገራለች... ቁጭ። እኔ ዕድሜዬን ሕፃን ያሠራሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቁጭ ብድግ ያለ ፊሽካ ማሠራት ግን አልቻልኩበትም። ሁሉም እንደ ስጦታው ነው። ለመሆኑ ምን ይሆን ምክንያቱ? አንዲት ጉንዳን፣ አንድ አፍ፣ ስትናገር ሌላ ስትወድቅ ሌላ ሆና የምትሰማው? እርስዎ የሚገምቱት አለ? እኔ ምን አውቄ። እኔ አስተማሪ ነኝ።»

ታውቃለች እንጂ። ፊልም ድምፅ የሚያለብሱ ሰዎች ቃል የሌለውን ድምፅ ሁሉ «ትንፋሽ» ነው የሚሉት፤ ማቃሰት፣ መውደቅ፣ ማነጠስ፣ መሳቅ፣ ማልቀስ። ቃሉ ለብቻው ይቀዳል፣ ትንፋሹ በሌላ ቀን ለብቻው። ትንፋሽ ከባድ ነው። ጉሮሮ ይልጣል፤ ደግሞም ጤነኛ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ባቡር እንደሚያነሳ ሲያቃስት ሰው እያየው ማፈሩ አይቀርም። የሬዲዮዋ ሴት ቃሉን በሁለት ቀን ሰተት አድርጋ ጨረሰች፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተሳሳተችም። በሦስተኛው ቀን ለትንፋሹ ቆማ አንዴ «እህ» አለች። ነጠላ ሰረዝ ያነበበች ነው የሚመስለው። መላጣው ባለሙያ ከመስታወቱ ጀርባ ሳቁን በሳል ለወጠው፣ እሷም አየችው። ማዳመጫውን አውልቃ «ነገ ዜና አለብኝ፣ ጉሮሮዬን አልጎዳም። ከመጀመሪያው ክፍል የተቀዳ የለም እንዴ? ለምን እሱን አትጠቀሙም?» አለችው። የተቀዳማ ነበረ፤ ገልብጦ ከተተው።

ማን ይለያል ብላ ነው። ትንፋሽ ትንፋሽ ነው፣ የማንም ቢሆን ያው ነው ብላ ነው። ያን ቀን ቤቷ ገብታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃውን ከፍታ «እንንን፣ ሃፕ» ብላ ሞክራ ነበር። ከበሩ ውጭ ልጅቷ «እማዬ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለቻት።

«እኔን ከሁሉም ከሁሉም የገረመኝ ቁጠባው ነው። እውነቴን ነው። አንዳንዱ ማይክራፎን ሲያይ ነፍሱን ዘርግፎ ነው የሚወጣው። አንዲት ሞኝ አውቃለሁ፤ እርስዎም ሳያውቋት አይቀሩም፣ እዚህ ትመላለስ ነበር። ለመጀመሪያው ክፍል ትንፋሽ ልትሰጥ ስትገባ እውነት ባቡር የምታነሳ መስሏት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር። ስትወድቅ ደግሞ ዝም ብላ "ኡፍ" አትልም፣ ትወድቃለች፤ ጉልበቷ ላይ ምልክቱ አለ። ሲያልቅ ድምፅ የሚባል አልነበራትም። ሦስት ቀን ሕፃናቱን በእጅ ምልክት አስተማረች፤ እነሱ አዲስ ጨዋታ መስሏቸው ደስ አላቸው። ምን አተረፈች? ብልህ ሰው ግን ንግግሩን ለራሱ ያስቀራል፣ ማቃሰቱን ለሰው ይተዋል። አባቶች "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላሉ። አባቶች ፊልም አላዩማ። እንዴት አድርጎ ነው የሚያደምቀው... ዛሬ በጆሮዬ አየሁት። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውም ለምግብ ብቻ ነው፤ ሲሾም ላልጮኸ ሰው ተረት አልወጣለትም። ጉሮሮው ግን በደንብ ይቆይለታል።

«ያቺን ሞኝ ደግሞ አንዲት የምትቀርባት ሰው "ድምፅሽ ሻከር ይላል፣ ማር ቢጤ ውሰጂ" ብላ መክራት ነበር። ስለምታስብላት ነው። እሷም ወሰደች። አዩ፣ ሰው ሲወድሽ ጉሮሮሽን እንኳ ይከታተላል... አንቺ አልኩዎት፣ ይቅርታ እትዬ፣ ከሕፃን ጋር ስውል አፌ ለመደ።»

እትዬ ከሹራቡ ቀና ብለው በመነጽራቸው በላይ ወደ መስኮቱ አዩና መልሰው አቀረቀሩ። ከሃያ ዓመት በላይ በትንሽ መስኮት ሰው ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የት መመልከት እንደሌለባቸው ያውቃሉ። የሬዲዮዋ ሴት አፈረች። ማሩን የላከችው እሷ ነበረች። በቅን ልቧ ነበር የላከችው፤ አሁን ሲነገር ግን ለራሷ ጆሮ እንኳ ቅን አልመስል አላት።

«ስለ ድምፅ ሁሉም ያወራል። የዝምታን ሙያ ግን ማን አመሰገነ? አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፣ እሁድ እሁድ ባንድ ገበታ የሚበሉ። እዚያ ቤት ያቺ ሞኝ ሰላጣ እያቀበለች "ሁለተኛው ክፍል መጥቷል ይላሉ፣ የሲኒማ ቤቱ ሰዎች ግን እስካሁን አልደወሉልኝም፣ ምን ሆነው ይሆን?" ትላለች። የተጠየቀችው ሰውም ሰላጣውን ተቀብላ "ይደውሉልሻል፣ ምን ያስቸኩልሻል" ትላታለች። ጥርት አድርጋ። የሚቀጥለው እሁድ እንደገና። "እስካሁን?" "ይደውሉልሻል።" ሦስት እሁድ እትዬ። የዜና ሰዓት እንኳ እንዲህ አይከበርም። በአራተኛው ሰኞ ሞኟ አውቶብስ እየጠበቀች ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የጉንዳኒት ሥዕል፣ ሥሩ ስም። የምታውቀው ስም። አውቶብሱ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ሄደ። ሕፃናቱ ያን ቀን አስተማሪያቸው አርፍዳ ስትመጣ በደስታ አጨበጨቡላት። "ዝምታ ወርቅ ነው" ይባል የለ? እንግዲያ ያቺ ሰው ባለጸጋ ናት፣ ምን ጎደላት?»

ከታች ከአዳራሹ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ፈንድሻ እየተጠረገ ነው። የሬዲዮዋ ሴት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰላጣውን አስታወሰችው፣ ሳህኑን ሳይቀር። በመጀመሪያው እሁድ ልትነግራት ነበር፤ ልጆች ነበሩና ተወችው። በሁለተኛው አማቷ የሞቱበት ቀን ተነሳና ቤቱ ከፋው፣ ተወችው። በሦስተኛው «ሁለት እሁድ ደብቄ አሁን ምን ብዬ?» አለች። ስድሳ ገጽ ዜና ሳትደናቀፍ የምታነብ ሴት «ያንቺን ቦታ ሰጡኝ» የምትል አንዲት መስመር አቃታት። በዚያ ላይ እኔ ባልሆን ሌላ ሰው ነው የሚያመጡት ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር። ይሄም እውነት ነው፤ ዛሬ ግን አልረዳት አለ።

ከበሩ ጀርባ ሳጥን ሲገለበጥ ተሰማ። ሁለቱም ሴቶች ወደ በሩ አዩ፣ ሁለቱም ቶሎ መለሱት።

«ዋናውን ሳልነግርዎ ልሄድ ነበር እኮ። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንጂ ይሄንን እንኳ ልተወው ነበር። መጨረሻው ላይ ጎርፍ ይመጣል። የጉንዳኒትን ቤት ይዞት ይሄዳል፤ እናቷን፣ ወንድሟን፣ ያጠራቀመችውን እህል ሁሉ። እዚህ ጋ ንግግር የለም። አንዲት ጠጠር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሙዚቃ እንኳ የለውም። ረጅም ነው፤ ሕፃን እንዴት ይችለዋል ብዬ ነበር። ያ ለቅሶ ሲቀዳ... ያቺ ሞኝ እናቷን በቀበረች በወሩ ነበር። ትንሽ ብቻ አልቅሺ ነበር ያሏት። ከጀመረች በኋላ መላጣው "ይበቃል" ማለት አቅቶት፣ መብራቱን ቀንሶላት ወጣ፤ ማሽኑ ግን ይቀዳ ነበር። አባቶች "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ያሉት እውነት ነው። ከአንጀት ላላለቀሰ ደግሞ... ይኸው፣ ፋይል አይገድም።

«አዳራሹ ጸጥ አለ። የሚያስል የለም። ያ አፍንጫ እንኳ አፍንጫውን ጠረገ። ያን ጊዜ አንዲት ሕፃን... የማን ልጅ እንደሆነች አልናገርም፣ ጨለማ ነው፣ እኔ ምን አውቄ። እናቷ ጭን ላይ ነበረች። ፊልሙ ሲጀመር እናቷ በጆሮዋ "እዪ፣ እኔ ነኝ" ብላታለች። ልጅቷም ጉንዳኒት በተናገረች ቁጥር ቀና ብላ የእናቷን አፍ ታያለች፤ አፉ ዝም ብሏል፣ ድምፁ እዚያ ማዶ ነው። ግራ ገባት። እንዲህ እንዲህ እያለች ለቅሶው ላይ ደረሰች። ጭኗ ላይ ቆመች እትዬ። በዚያ ሁሉ ጸጥታ፣ ጮክ ብላ፣ "እማዬ፣ አክስቴን ማን አስለቀሳት?"»

የእትዬ መርፌ ቆመ። እንደገና ለመጀመር የፈለጉ ይመስል ክሩን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ፤ አልጀመሩም።

«መልሱን ሊሰሙ ይፈልጋሉ? እኔም ፈልጌ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ፈልጎ ነበር። "ዝም በይ፣ ፊልሙን እዪ።" እንዲሁ ነው፣ ሌላ የለውም። ጥርት ያለ። ከሕፃን ጥያቄ እንዲህ ባጭሩ የሚወጣ ሰው ብልህ ነው፤ እኔ ብሆን ተንተባትቤ እሞት ነበር። መብራት ሲበራ ሕፃኗ በወንበሩ መሀል ለመሀል ሾልካ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ምን ዓይነት አያያዝ መሰለዎ፣ ያነቀችኝ መስሎኝ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው። ደረቅ መሆኑን ስታይ "ማን ነው ያስለቀሰሽ?" አለችኝ። ምን ልበላት እትዬ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏታል?... "ጎርፉ ነው" አልኳት።»

የሬዲዮዋ ሴት ይሄንን አልሰማችም ነበር። ከሩቅ ያየችው ልጇ አክስቷ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ስትንሾካሾክ ነው፤ አሁን ነገረቻት፣ አሁን አወቀች፣ አሁን ፊቴን ማየት ታቆማለች ብላ ወንበር ይዛ ነበር የቆመችው። ልጅቷ ግን ተመልሳ መጥታ እጇን ያዘቻትና «አክስቴ ደህና ናት፣ ጎርፉ ነው» አለቻት። እናት የፊልሙን ታሪክ የምታወራላት መስሏት «አዎ» ብላት ነበር። ዛሬ የሰማችው አሽሙር ሁሉ ያልቆረጣትን ያህል ይሄኛው ቆረጣት።

በሩ ተከፈተ። መላጣው ባለሙያ ክንዱ ላይ ካርድ ቆልሎ ብቅ አለ። ከላይ ያለው ካርድ ይታያል፤ የሚያለቅሰው ፊት ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ በምልክቱ ላይ ደግሞ በእርሳስ ሁለት የጉንዳን ቀንድ ተስሎበታል። የሬዲዮዋ ሴት ያን ቀንድ ታውቀዋለች። ቤቷ ማቀዝቀዣው ላይ ሃያ እንዲህ ያለ ቀንድ አለ።

«ጋሼ ባለ ትንፋሿ ትግባ ብለዋል» አለ ባለሙያው።

መምህርቷ ተነሳች። ቀሚሷን አራግፋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ የበሩን እጀታ ያዘች። የሬዲዮዋ ሴትም ሳታስበው ብድግ አለች። አፏን ከፈተች። ልትል የፈለገችው «ይቅርታ» ነው፤ ሦስት እሁድ ያለፈበት፣ ግን ልትለው ነበር። ቃሉ አልወጣም። የወጣው አንዲት «እህ» ናት፤ ከሆዷ ተነቅላ፣ መሀል ላይ ተሰብራ፣ ጥርት የማትል። መላጣው ባለሙያ በሥራ ልማድ ጆሮውን ወደዚያ አዘነበለ። እትዬ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

መምህርቷ እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ሰምታለች። ትከሻዋ ትንሽ ወረድ አለ፣ ፊቷም የሚዞር መሰለ፤ የዞረችው ግን ወደ እትዬ ነው። ፈገግ ብላ ነበር። ድምፅዋም ሕፃን እንደምታስተኛ ለስልሶ ነበር።

«በሉ ልግባ እትዬ። ሹራቡን በጤና ይልበሰው፣ ይደግበት። ለዚያች ለነገርኩዎት ሰውም ክፉ አልመኝላትም፤ ምን አደረገችኝ? ድምፅዋን ይጠብቅላት፣ ዜናዋን የደስታ ያድርግላት። ልጇን ያሳድግላት፣ ጆሮዋን ይባርክላት... አድጋም የእናቷን ለቅሶ፣ እንደ አክስቷ ለቅሶ፣ ከሩቅ የምትለይ ያድርግላት።»